የኪራይ ጨዋታ፣ የራስ ጨዋታ

ማርች 31 ቀን 2024 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳዩ ዩቢሶፍት «ዘ ክሩ» የተባለውን የመኪና ውድድር ጌም ሰርቨሮች ዘጋ። ጌሙ ገበያ ላይ የዋለው በዲሴምበር 2014 ነበር። ዲስኩን ከሱቅ ከገዙት ሰዎች ብዙዎቹ ዛሬም መደርደሪያቸው ላይ ያገኙታል፤ ማሽን ውስጥ ሲያስገቡት ግን የሚነዳ መኪና የለም። ከማንም ጋር ሳይወዳደር ብቻውን መንዳት የሚፈልግ ሰው እንኳ አይችልም፤ ጌሙ ከመጀመሪያው ከኩባንያው ሰርቨር ጋር ሳይገናኝ እንዳይከፈት ተደርጎ የተሠራ ነውና።

ከዚያ አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 2023፣ ጉግል «ስታዲያ» የተባለውን የጌም ስትሪሚንግ አገልግሎቱን ዘግቶ ነበር። ስታዲያ ላይ ዲስክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የሚወርድ ፋይልም አልነበረም። ተጫዋቹ የገዛው ጌም በሙሉ ጉግል ዘንድ ነበር የተቀመጠው። ሆኖም ጉግል ከስታዲያ ሱቅ ለተገዙ ጌሞችና ከራሱ ሱቅ ለተገዙ ጆይስቲኮች የተከፈለውን ገንዘብ መለሰ። ዲስክ የያዘው ባዶ እጁን ሲቀር ምንም ያልያዘው ገንዘቡን አገኘ።

እነዚህን ሁለት መዘጋቶች ጎን ለጎን ያስቀመጥኳቸው «ስትሪሚንግ ይሻላል ወይስ የራስ ጌም መያዝ?» የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በተሳሳተ ቦታ ስለሚጀመር ነው። ክርክሩ ስለ ፕላስቲክና ስለ ኢንተርኔት ይመስላል። እኔ የማምነው ግን ዋናው ጉዳይ ጨዋታውን የመክፈትና የመዝጋት ሥልጣን በማን እጅ ነው የሚለው ነው። ስትሪሚንግ ይህን ሥልጣን ሙሉ በሙሉ ለኩባንያው ይሰጣል። ዲስክና የወረደ ፋይል ደግሞ ለገዢው ይሰጣሉ ተብለው ይታመናሉ፤ ይህ እምነት ከዓመት ዓመት እየተሸረሸረ ነው።

ከአሠራሩ እንነሳ። በስትሪሚንግ ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ዳታ ማዕከል ውስጥ ያለ የኩባንያው ኮምፒውተር ነው፤ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ምስሉና ድምፁ ብቻ ነው። ከፊልም የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፊልም ስናይ የሚቀጥለው ግማሽ ደቂቃ አስቀድሞ ተጭኖ ይጠብቃል፤ ኢንተርኔቱ ለአፍታ ቢደናቀፍ አናውቀውም። ጌም ላይ ግን ቀጣዩን ምስል የሚወስነው ተጫዋቹ አሁን የሚጫነው ቁልፍ ስለሆነ አስቀድሞ የሚዘጋጅ ነገር የለም። ትእዛዙ ይሄዳል፤ ሩቅ ያለው ኮምፒውተር ምስሉን ሠርቶ፣ አምቆ ይልካል፤ እኛ ጋ ያለው ስልክ ወይም ቴሌቪዥን ፈትቶ ያሳያል። ይህ ሁሉ ተጫዋቹ ሳይሰማው ማለቅ አለበት።

ፈጣን ጌሞች በሰከንድ 60 ምስል ያሳያሉ፤ አንዱ ምስል 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይቆይም። ብርሃን በፋይበር ኬብል ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከአዲስ አበባ እስከ ፍራንክፈርት በአየር መስመር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ኬብሉ ቀጥ ብሎ ተዘርግቶ ቢሆን እንኳ ደርሶ መልሱ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ ያልፋል፤ ሦስት ምስል ማለት ነው። ኬብሉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አልተዘረጋም፤ በባሕር ዳርቻዎች ይዞራል፤ በየጣቢያው ይቆማል፤ ሰርቨሩም ምስሉን ለማመቅ የራሱን ጊዜ ይወስዳል። የእግር ኳስ ጌም ላይ ፍጹም ቅጣት ምት ለማዳን ግብ ጠባቂውን ወደ ግራ የላከ ልጅ፣ ኳሷ መረቡን ከነካች በኋላ ግብ ጠባቂው ሲወረወር ያያል። ልጁ የመረጠው አቅጣጫ ትክክል ነበር፤ በጊዜም ተጭኗል። የተሸነፈው በርቀቱ ነው። «ጂፎርስ ናው» የተባለውን አገልግሎት የሚያቀርበው ኒቪዲያ ራሱ ከዳታ ማዕከሉ ጋር ያለው መዘግየት ከ80 ሚሊሰከንድ እንዳይበልጥ፣ ለጥሩ ምስል ደግሞ የኢንተርኔቱ ፍጥነት በሰከንድ 25 ሜጋቢት እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ ፍጥነት ለአንድ ሰዓት ሳይቋረጥ ሲሰላ 11 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። ዳታ በጥቅል እየገዛ የሚጠቀም ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የሚያሳልፈው ጨዋታ የወር ጥቅሉን ሊጨርስበት ይችላል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። «ኦንላይቭ» የተባለው ኩባንያ በጁን 2010 አሜሪካ ውስጥ ይህንኑ አገልግሎት ጀምሮ በኤፕሪል 2015 ተዘጋ፤ የፈጠራ መብቶቹን ሶኒ ገዛቸው። ሶኒ ከዚያ በፊት በ2012 የኦንላይቭን ተፎካካሪ ጋይካይን በ380 ሚሊዮን ዶላር ጠቅልሎት ነበር። ስታዲያ በኖቬምበር 2019፣ ጂፎርስ ናው በፌብሩዋሪ 2020፣ የማይክሮሶፍቱ ኤክስቦክስ ክላውድ በሴፕቴምበር 2020 መጡ፤ አማዞንም «ሉና»ን ይዞ ተከተለ። የቴክኖሎጂው ጥራት በእነዚህ ዓመታት እጅግ ተሻሽሏል። ያልተሻሻለው የደንበኛው ዋስትና ነው።

ለስትሪሚንግ መነገር ያለበትን ሳልናገር ወደ ወቀሳ ማለፍ አልፈልግም፤ ጥቅሙ የማስታወቂያ ወሬ አይደለምና። «ሳይበርፐንክ 2077» በዲሴምበር 2020 ሲወጣ በቀድሞዎቹ ማሽኖች፣ በፕሌይስቴሽን 4 እና በኤክስቦክስ ዋን ላይ፣ እየተንቀጠቀጠና እየተዘጋ ተጫዋቹን አስመርሮ ነበር። ሶኒ ጌሙን ከሱቁ እስከማውጣትና ገንዘብ እስከመመለስ ደረሰ፤ ወደ ሱቁ የተመለሰው በጁን 2021 ነው። ጌሙ በወጣበት ሳምንት ስታዲያ ላይ የጀመሩት ሰዎች ግን ጌሙን በደህና ተጫውተውታል፤ የሚሠራው የጉግል ጠንካራ ኮምፒውተር ላይ ነበርና። ቤታቸው ውስጥ የነበረው አሮጌ ላፕቶፕ የማይሸከመውን ጨዋታ፣ ማውረድ ሳያስፈልጋቸው፣ ቦታ ሳያስለቅቁ፣ በደቂቃ ውስጥ ከፍተው ተጫወቱ። በኖቬምበር 2024 የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ 699.99 ዶላር ነበር ዋጋው፤ በዚያ ላይ የዲስክ ማስገቢያ የለውም። ይህን ያህል በአንዴ መክፈል ለማይችል፣ ግን ጥሩ ኢንተርኔት ላለው ቤተሰብ፣ ስትሪሚንግ ሌላ ጊዜ የማይከፈት በር ይከፍታል። ቨርጂኒያ ወይም ቴል አቪቭ የሚኖር፣ ሁለት ሥራ የሚሠራ አባት ለልጆቹ ማሽን ከመግዛት በፊት አንድ ወር ከፍሎ ቢያስሞክራቸው ጥሩ አደረገ እላለሁ። አሥራ አምስት ጌም ጀምሮ አንዱን ብቻ የሚወድ ልጅ ያለው ሰው ይህን ይበልጥ ያውቀዋል።

ሒሳቡ የሚቀየረው ወሩ ዓመት፣ ዓመቱ ዓመታት ሲሆን ነው። በወርሃዊ ክፍያ ብዙ ጌሞች የሚያስጫውተው የማይክሮሶፍት «ጌም ፓስ» በጁን 2017 ሲጀመር በወር 9.99 ዶላር ነበር። ስትሪሚንግ ኋላ የተካተተበት «አልቲሜት» የተባለው ደረጃ በ2019 በወር 14.99 ዶላር ተጀምሮ በኦክቶበር 2025 አሜሪካ ውስጥ 29.99 ዶላር ገባ። በዚያ ዋጋ በዓመት ወደ 360 ዶላር ይሆናል። በዚህ ገንዘብ በ70 ዶላር ዋጋ አምስት አዳዲስ ጌሞች ይገዛሉ፤ ተጫውቶ ያበቃ ሰው ዲስኮቹን መልሶ ሊሸጣቸው ይችላል። በዓመት ሁለትና ሦስት ጌም ብቻ የሚጫወት ሰው፣ በተለይ አንድን ጌም ለዓመታት የሚመላለስበት፣ በወርሃዊ ክፍያ እየተጎዳ ነው። ዋጋው ሲጨመር የሚይዘው ነገር የለውም፤ መክፈል ባቆመበት ቀን ሁሉም ይዘጋል። ዝርዝሩ ውስጥ ያሉት ጌሞችም በየወሩ ይወጣሉ ይገባሉ፤ የጀመሩት ታሪክ መሃል ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ጂፎርስ ናው በበኩሉ አብዛኞቹ ከፋይ ደንበኞቹ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በወር ከ100 ሰዓት በላይ እንዳይጫወቱ ገደብ አድርጓል።

ይሁንና ከስትሪሚንግ አገልግሎቶች ሁሉ ለእኔ ትክክለኛውን መንገድ የያዘው ይኸው ጂፎርስ ናው ነው። ምክንያቱም ጌም አይሸጥም፤ ተጫዋቹ «ስቲም»ና «ኤፒክ» ከመሳሰሉ ሱቆች ቀድሞ የገዛውን ጌም ጠንካራ ኮምፒውተር አከራይቶ ያጫውተዋል። ኒቪዲያ ነገ ቢዘጋው ተጫዋቹን ጌሞቹ ስቲም ላይ ይጠብቁታል፤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ አውርዶ ይቀጥላል። ኪራዩ የማሽኑ፣ ጌሙ የተጫዋቹ። የሚገርመው በዚህ የተናደዱት ጌም አሳታሚዎቹ ናቸው፤ አገልግሎቱ በ2020 በይፋ በተጀመረ በሳምንታት ውስጥ አክቲቪዥን ብሊዛርድና ቤተስዳ አብዛኞቹን ጌሞቻቸውን አስወጡ። ሰው በገንዘቡ የገዛውን ጌም በየትኛው ኮምፒውተር ላይ ይጫወት የሚለውን እንወስናለን ማለታቸው ነበር።

የራስ ጌም መያዝን ጥቅም ለማየት አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የሰፈር ፕሌይስቴሽን ቤት መግባት ይበቃል። ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳውን ተከትለው የተደረደሩ ቴሌቪዥኖች፣ የፕላስቲክ ወንበሮች፣ ቀለማቸው የለቀቀ ጆይስቲኮች። ክፍያው በጨዋታ ነው፤ የተሸነፈ ይነሳል፣ ተረኛው ይቀመጣል። ባለቤቱ ማሽኑን ያገኘው ከውጭ በመጣ ዘመድ ሻንጣ ወይም ከመርካቶ ነጋዴ ነው። ዲስኩ ሲያስቸግር አውጥቶ በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ወደ ዳር ይጠርገውና መልሶ ያስገባዋል። አንዱ ዲስክ በዓመታት ውስጥ ስንት መቶ ልጅ እንዳጫወተ የሚቆጥር የለም። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ቤቱ ይሠራል። በ2020 ክረምት አገሪቱ ውስጥ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ በስትሪሚንግ ላይ የቆመ ቤት ቢኖር ኖሮ በሩን ዘግቶ ይቀመጥ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሁሉም እኩል ነው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

እንዲህ ባለው ቤት ስትሪሚንግ ዲስኩን ይተካል ብሎ ማሰብ ለጊዜው የሚሆን አይደለም። ኤክስቦክስ ክላውድ በይፋ ከሚሠራባቸው አገሮች መካከል ኢትዮጵያ የለችም፤ የፕሌይስቴሽን አካውንት ለመክፈት ከሚመረጡት አገሮች ዝርዝር ውስጥም አትገኝም፤ ብዙዎች የሌላ አገር አድራሻ እየሞሉ ነው የሚጠቀሙት። ክፍያው በዶላር ነው። ጁላይ 2024 የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ወር በወር በዶላር የሚከፍል ሰው በየወሩ ይህን ልዩነት ይሸከማል፤ ዲስኩን አንድ ጊዜ የገዛው ግን አንድ ጊዜ ከፍሎ ጨርሷል። ኬብሎቹም አሉ። በ2024 እና በ2025 ቀይ ባሕር ውስጥ ኬብሎች ተቆርጠው የብዙ አገሮች ኢንተርኔት ተዳክሞ ነበር። አዲስ አበባ ላይ የ5ጂ ኔትወርክ መኖሩ ደስ ይላል፤ ከስልኩ እስከ አንቴናው ያለውን መንገድ ያፋጥናል። ከአንቴናው እስከ አውሮፓ ያለውን ርቀት ግን አያሳጥርም።

ዲስክ መዋስን በተመለከተ አንድ ታሪክ መነሳት አለበት። በ2013 ማይክሮሶፍት ኤክስቦክስ ዋንን ሲያስተዋውቅ ማሽኑ በየ24 ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር እንዲገናኝ፣ ዲስክ መዋዋስና ያገለገለ ዲስክ መሸጥም ገደብ እንዲኖረው አስቦ ነበር። ሶኒ በዚያው ዓመት ጁን ወር ጌም እንዴት እንደሚዋዋሱ «የሚያስተምር» አጭር ቪዲዮ ለቀቀ። ቪዲዮው ውስጥ አንዱ የሶኒ ኃላፊ ዲስኩን ለሌላው በእጁ ይሰጠዋል፤ ተቀባዩ ያመሰግናል፤ አለቀ። ተጫዋቾች ጮኹ፤ ማይክሮሶፍት በቀናት ውስጥ ሐሳቡን ሰረዘ። ከዚያ ወዲህ በተቃራኒ አቅጣጫ የተሄደው በጩኸት ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው። ዛሬ አንዳንድ ዲስኮች ጌሙን በሙሉ አይዙም፤ ቀሪው በኢንተርኔት ይወርዳል። በጁን 2025 የወጣው ኒንቴንዶ ስዊች 2 ላይ ከሚሸጡት ካርዶች አንዳንዶቹ ጌሙን የማውረድ መብት የሚሰጡ ቁልፎች ብቻ ናቸው። ካርዱን ማዋስም መሸጥም ይቻላል፤ የኒንቴንዶ ሰርቨር የተዘጋ ቀን ግን አዲስ ማሽን ላይ የሚጭነው ነገር አይኖርም።

በዲጂታል የሚገዛው ጌምም እንደዚሁ ነው። ሰው ከስቲም ወይም ከፕሌይስቴሽን ሱቅ ሲገዛ የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ነው። የካሊፎርኒያ ግዛት ይህን ሻጮች በግልጽ እንዲናገሩ የሚያስገድድ ሕግ በ2024 አውጥቶ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ሥራ ላይ አውሏል፤ ስቲም ሕጉ ከመጽናቱ በፊት ክፍያው ገጽ ላይ ማሳሰቢያውን ለጥፏል። ማሳሰቢያው ጥሩ ነው፤ ፈቃዱ ሲነጠቅ ግን ገንዘብ አያስመልስም። ኒንቴንዶ «3ዲኤስ»ና «ዊ ዩ» የተባሉትን የቀድሞ ማሽኖቹን ሱቆች በማርች 2023 ዘግቷል፤ የተገዙትን መልሶ ማውረድ ቢፈቅድም አዲስ መግዛት ቀርቷል። ኮናሚ በ2014 በነፃ የለቀቀው «ፒ.ቲ.» የተባለ አስፈሪ ጌም ከወራት በኋላ ከሱቁ ተነሥቶ፣ ማሽናቸው ላይ ቀድመው የጫኑት ሰዎች ዘንድ ብቻ ቀረ። ከዚህ የተለየው የፖላንዱ ሲዲ ፕሮጄክት በ2008 የጀመረው «ጎግ» የተባለ ሱቅ ነው፤ እዚያ የተገዛ ጌም መጫኛ ፋይሉ ያለ ምንም ቁልፍ ይወርዳል፣ በፍላሽ ይቀመጣል፣ ኢንተርኔት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። ዲስክ ሳይኖር የራስ ጌም መያዝ እንደሚቻል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ይህ ሁሉ ስለ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ እኔም ብዙ ባልተቆረቆርኩ። ጌም ሙዚቀኛ፣ ሠዓሊ፣ ጸሐፊና የሒሳብ ሰው ለዓመታት አብረው የሚሠሩት ሥራ ነው። «ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን» በ2023 ባወጣው ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ከወጡት ጌሞች 87 በመቶው በገበያ ላይ በሕጋዊ መንገድ አይገኙም። ከእነዚህ ጌሞች አብዛኞቹ ግን ቢያንስ በካሴትና በዲስክ ወጥተዋል፤ የሰበሰበ ሰው አለ፤ የተረፈች ቅጂ ትገኛለች። በስትሪሚንግ ብቻ የወጣ ጌም ከቤት አይገኝም፤ የትም ቤት ገብቶ አያውቅምና። ስታዲያ ላይ ብቻ ከነበሩት ጌሞች «ጊልት» የተባለው ዕድለኛ ነበር፤ ሠሪዎቹ በጁላይ 2023 ወደ ሌሎች ማሽኖች አሻገሩት። «አውትካስተርስ» ያ ዕድል አልገጠመውም። የሠሩት ሰዎች ዛሬ ለልጆቻቸው ሊያሳዩት ቢፈልጉ የሚያሳዩት ሌሎች የቀረጹትን ቪዲዮ ነው።

የዩቢሶፍት የደንበኝነት ክፍል ኃላፊ ፊሊፕ ትሬምብሌ በጃንዋሪ 2024 ተጫዋቾች የራሳቸው ጌም አለመያዝን ሊለማመዱት ይገባል የሚል መንፈስ ያለው አስተያየት ሰጥተው ነበር። «ዘ ክሩ» የተዘጋው ከሁለት ወር ተኩል በኋላ ነው። ተጫዋቹ አልለመደውም። ሮስ ስኮት የተባለ የዩቲዩብ አዘጋጅ በኤፕሪል 2024 «ጌሞችን መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ አስነሳ፤ ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው የዜጎች አቤቱታ በጁላይ 2025 አንድ ሚሊዮን ፊርማ አለፈ። የሚጠይቁት ኩባንያ ሰርቨሩን ለዘላለም እንዲያቆይ አይደለም። ሲዘጋ የተሸጠው ጌም ያለ እሱ የሚሠራበትን መንገድ ትቶ እንዲሄድ ነው። የኢንዱስትሪው ማኅበር ቪዲዮ ጌምስ ዩሮፕ ግን ሰርቨርን ለግለሰቦች መተው ለተጫዋቾች መረጃ ጥበቃ እንደማይመች፣ በኃላፊነትም እንደሚያስጠይቅ፣ ወጪውም ከባድ እንደሆነ ይከራከራል። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ለሚጫወቱባቸው ጌሞች ክርክሩ ክብደት አለው፤ ከእነሱ ሰርቨሩን ነጥሎ ማውጣት ቀላል አይደለም። ብቻውን መኪና መንዳት ለፈለገ ሰው ግን ክርክሩ አይሠራም።

በአንድ እጅ የመጠቅለል አደጋውንም መንግሥታት አይተውታል። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድን በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ሲነሣ የብሪታንያ የውድድር ባለሥልጣን በኤፕሪል 2023 ያገደው በዚሁ በስትሪሚንግ ገበያ ስጋት ነበር። ግዢው በኦክቶበር የተፈቀደው የነባሮቹና በቀጣዮቹ 15 ዓመታት የሚወጡት የአክቲቪዥን ጌሞች የስትሪሚንግ መብት ለዩቢሶፍት ከተሰጠ በኋላ ነው።

ስለዚህ ልጃቸው ጌም እንዲገዙለት የለመናቸው ወላጆች ሲጠይቁኝ የምላቸው ይህን ነው። ልጁ ብዙ ዓይነት መሞከር ከፈለገና ኢንተርኔቱ ከፈቀደ የአንድ ወር ክፍያ ይክፈሉለት፤ በራሱ የሚታደሰውን ክፍያ ግን በዚያው ቀን ያጥፉት። ከወር በኋላ አሁንም የሚያነሣው ጌም ካለ እሱን ይግዙለት፤ ከተቻለ በዲስክ፣ ካልተቻለ ያለ ቁልፍ ከሚሸጥ ሱቅ። ከመክፈላቸው በፊት የጌሙ ገጽ ላይ «የኢንተርኔት ግንኙነት የግድ ያስፈልጋል» የሚል ጽሑፍ መኖር አለመኖሩን ይዩ፤ ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል ከታች ነው የሚጻፈው። ለብቻ ለሚጫወቱት ጌም ይህ ተጽፎ ካገኙ ለእሱ ሙሉ ዋጋ አይክፈሉ፤ ቅናሽ እስኪመጣ ይጠብቁ ወይም ሌላ ይምረጡ።